ልጄ የሰረዛት መስመር

ያቺን መስመር በቃሌ ይዣታለሁ። ጸሎት እንኳ የማይበረክትልኝ ሰው፣ እሷን ግን ከሰማኋት ጀምሮ አልረሳኋትም። «ሴትዮዋን ለሞት ያበቃት ለዓመታት ከከሰል ክምር የተነፈሰችው ጭስ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» ትላለች። ሴትዮዋ የተባለችው ባለቤቴ ናት። መስመሯን የጻፋት ሰው አይደለም። የሰረዛት ግን ልጃችን ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ሌላ አላውቅም።

ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ከሚወስደው አስፋልት ጥቂት ገባ ይላል። እንጅባራን እኛ ዛሬም ቆሰበር ነው የምንላት። ድሮ ገብስና ድንች ነበር የምናመርት። መሬቱ ሲደክም እንደ አገሩ ሁሉ ዲከረንስ ተከልን። ዲከረንስ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ሲደርስ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፣ አይሱዙ ከመንገድ ዳር ጭኖት ይሄዳል። የጣራችን ቆርቆሮ ከዚያ ዛፍ የመጣ ነው፤ የልጄም ትምህርት። ስለዚህ ዛፉን የሚሰድብ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

መቁረጡ፣ መከመሩ፣ በሣርና በአፈር መድፈኑ፣ መለኮሱ የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ። ክምር እሳት ከገባበት በኋላ እንደ ሕፃን ነው፣ ጥለኸው አትሄድም። አፈሩ አንድ ቦታ ይሰነጠቅና አየር ያገኛል፤ አየር ካገኘ ከሰሉ አመድ ሆኖ ይጠብቅሃል። እሷ ቀኑን ሙሉ እየዞረች የተሰነጠቀውን በእርጥብ አፈር ትደፍን ነበር። ጭሱ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ደርሷል። ያንን ለማየት ደግሞ ፊት ተጠግቶ ነው። ራቅ በይ የሚል አልነበረም፤ አገሩ በሙሉ እንዲሁ ነበር።

መጀመሪያ ሳል ነበር፤ የክረምት ሳል ነው አልን። ክረምቱ ወጣ፣ ሳሉ አልወጣም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ አክታዋን መረመሩና ቲቢ አይደለም አሉ። አንዱ አስም ነው አለ፣ ሌላው ብሮንካይት ነው አለ። መድኃኒት ሰጡን፤ ጥቂት ተሻላትና ተመለሰባት። ቲቢ አይደለም ያሉትን ግን የሰማ ጎረቤት የለም። ሰው የሚሰማው ሳሉን ነው እንጂ የሐኪሙን ቃል አይደለም።

አጥራችን የሚገናኝ አንዲት ጎረቤት አለችን። ከባለቤቴ ጋር አብረው አድገዋል፤ በአንድ ጥር ነው የተዳሩት። ቤታችን እንደ ቤቷ ነበር። አንድ ቀን ጠላ ልትጠጣ ስትመጣ የራሷን ጣሳ ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

«ምነው፣ እኛ ቤት ዕቃ አለቀ?» አልኳት።

«ይቺ ትመቸኛለች» አለች።

«አፍሽ ሰፍቶ ነው?»

ሳቀች። ባለቤቴም ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባት። ጎረቤታችን ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ሰንበቴ ስትሄድ መጠጫዋን ለይተው እንደሚያስቀምጡላት ነገረችኝ። አላለቀሰችም። «እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የማደርግ» ነው ያለችኝ። ይኼ ነገሯ ነው እስከ ዛሬ የሚበላኝ።

ካለፈው በፊት በነበረው ዓመት አረፈች።

ለቀብሯ እንደ አገራችን ወግ ፈረሰኛው ሁሉ ወጣ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ በኩል አንዲት አልቃሽ አስመጣን። አልቃሽ ሟችን ላታውቅ ትችላለች። መጥታ ከቤተሰብ ጋር ትቀመጥና «ምን ነበረች? በምን ትታወቅ ነበር? ምን አገኛት?» ብላ ትጠይቃለች። ነገርኳት። ክምሩን ነገርኳት፣ ጭሱን ነገርኳት። መጀመሪያ በአዊኛ አለቀሰች፤ የባለቤቴን ዘመዶች አፈር አስቃመቻቸው። ከዚያ ከዳንግላ ለመጡት በአማርኛ እንዲህ አለች፦

እንጨቱን ቆራጭ እሱ፣ ከሰል ጫሪዋ እሷ፣
ገበያው የሰው ሆነ፣ ጭሱ ግና የራሷ።

ሕዝቡ ተንጫጫ። ጎረቤታችን ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። እኔም በቃ፣ ነገሩ በአደባባይ ተነገረ፣ ስሟ ጠራ አልኩ። ከቀብር መልስ ሰው ተቀመጠ፣ ጠላ ተቀዳ። ጎረቤታችን ጣሳዋን ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

ነገሩ አላስችል አለኝ። «አልቃሿ ያለችውን አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሙሾ ነዋ!» አለችኝ። «ያንተ አባት ሲሞትስ አንበሳ ገዳዩ ተብሎ ተለቅሶለት የለም? ቀበሮ ሲያይ አጥር ይዘል የነበረው ሰውዬ!»

እውነቷን ነው፤ አባቴ አውሬ አይወድም ነበር። ለሞተ ሰው የተባለን ነገር ምስክር አቅርብ የሚል የለም፤ ስለዚህም ማንም እንደ ምስክር አይቆጥረው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ትምህርቱ የጤና ነው። ከእናቱ ሞት በኋላ በሳምንቱ መጨረሻ እየመጣ ከቤቱ ጥግ ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል። ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ፕሮፖዛል ነው አለኝ። ፕሮፖዛል ማለት ይህንን ነገር ላጠና እፈልጋለሁና ገንዘብ ስጡኝ ብሎ ለውጭ አገር ሰዎች የሚጻፍ ጥያቄ ነው። የእሱ ጥያቄ ከሰል የሚያከስለውን ሰው ደረት በመሣሪያ ለመለካት፣ ጭሱ ምን እንዳደረገው ለማወቅ ነው።

«ታዲያ ጻፈዋ» አልኩት።

«ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ክፍል ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል፣ አባ።»

ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «ኤአይ ይጻፍልኝ ብያለሁ» አለ።

እሱ ደግሞ ማነው አልኩት። ሰው አይደለም፣ ነገሩን ከነገርከው አሳምሮ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው፣ መምህሩ ሁሉ አሁን በሱ ነው የሚያስጽፈው አለኝ።

«ራፖር ጸሐፊ ነው በለኛ! ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው።»

«እንደዚያ ይሁን።»

«ለእናትህ ጭስ ያልነካው ሊጽፍላት? አልቃሽ ቀጠርክላት?»

ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎስ ከግምጃ ቤት አላስመጡላትም?» አለኝ።

ልጄ አፉ የእናቱ ነው።

ያ ፕሮግራም መጀመሪያ የጻፈውን ልጄ ከእንግሊዝኛው በአማርኛ እያደረገ አነበበልኝ። የእኛን አገር «ደረቅና በረሃማ» ይለዋል። ከእናቱ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ለት ነው። በረሃ! ቆሰበር በረሃ! ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አሳየሁት። «እስቲ ይምጣና በሐምሌ አንድ ሌሊት ይደርልኝ፤ ጋቢ እኔ አውሰዋለሁ» አልኩት። ልጄም ሳቀ። «ስላልነገርነው ነው፣ አባ። የነገሩትን ነው የሚያውቅ» አለ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። አልቃሿም እንዲሁ ነበረች። ስለዚህ ተቀመጥኩና ለአልቃሿ እንደነገርኳት ነገርኩት። እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ይጽፍለታል። ዝናቡን፣ ብርዱን፣ ክምሩን፣ የሚሰነጠቀውን አፈር፣ ነጩንና ሰማያዊውን ጭስ። ሳሉ እንዴት እንደጀመራት። ጣሳውን ግን አልነገርኩም። ጣሳው የቤት ገመና ነው።

ልጄ ነገሩን ለፕሮግራሙ ሰጠው። ሻይ እንኳ ሳይቀርብ ጽፎ ጨረሰ። ልጄ እያነበበ ያቺ መስመር ላይ ደረሰ። ጭስ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ከሥሯ ደግሞ የምሁራን ስም ተደርድሯል፣ ይህንን ያጠኑ ተብሎ።

«እስቲ ድገማት» አልኩት።

ደገማት።

«አሁንም።»

ሦስተኛ ሲያነባት አብሬው አልኳት። ተነስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ፊቴን እንዳያይብኝ። በጥናት ተረጋግጧል ካለ ማን ሙሾ ነው ይላል? ወረቀት ነው። የምሁር ስም ያለበት ወረቀት። ያችን ገጽ በአማርኛ አድርጎ አትሞ እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። ለሙት ዓመቷ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በሞላበት ላስነብባት ነበር ሐሳቤ።

«መጀመሪያ ምንጮቹን ልይ» ብሎኝ ወደ ከተማ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። እጁ ላይ ወረቀት አልነበረም። ሲገባ ሳመኝና ቆሞ ቀረ። ልጄ የሚከብድ ነገር ይዞ ሲመጣ አይቀመጥም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

«ጥናቶቹ የሉም፣ አባ።»

«እንዴት የሉም? ስማቸው አለ እኮ።»

«ስሙን ራሱ ነው የፈጠረው። ፈለግኳቸው፣ የሉም። እንዲህ ያደርጋል፤ ጥሩ እንዲመስል ይጨምራል። እኛ አገር ጭሱ ሰው መግደሉን ያጠናም አላገኘሁም።»

«ጭሱ አልገደላትም ነው የምትለኝ?»

«እሱን አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩ።»

«እኔ አውቃለሁ!»

«እኔም በልቤ አውቃለሁ። ግን ከታወቀማ ለምን አጠናለሁ ብዬ ገንዘብ እጠይቃለሁ?»

ተቆጣሁ። ብዙ ተናገርኩት። ለሞተ ሰው ትንሽ ቢጨመር ማን ይጎዳል አልኩ፤ አባቴ አንበሳ ሳይገድል አንበሳ ገዳይ ተብሎ ተቀብሯል፣ ማን ምን አለ? እናትህ በሕይወቷ የሰው ሐሰት ተሸክማ ኖረች፣ አሁን አንዲት መስመር ቢዋሽላት ምናለበት? ያን ለት ጣሳውንም ነገርኩት። አያውቅም ነበር። ተቀመጠ።

«ፕሮፖዛል ልቅሶ አይደለም፣ አባ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እርስዎ በመሬቱ ክርክር ጊዜ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? አንድ የሐሰት ምስክር ካቆምክ፣ ነገ እውነተኛውን ይዘህ ስትሄድ ዳኛው ፊቱን አያዞርልህም አላሉኝም? ይቺ የሐሰት ምስክር ናት። ቢያውቁብኝ ስለ ጭሱ ከዚህ አገር የሚጻፍ ነገር ሁሉ ውሸት ይባላል።»

ብዬዋለሁ። ልጅ የሚረሳውን ይረሳል፣ አንተን የሚያስርህን ግን አይረሳም።

እያየሁ ሰረዛት። አንድ ጣት ነው የፈጀው። በሷ ፋንታ የጻፈውን አነበበልኝ፤ «በዚህ አካባቢ ከሰል በማክሰል ሥራ የተሰማሩ የገጠር ሴቶች ላይ የሚታየው የመተንፈሻ ሕመም መንስኤው እስካሁን በውል አይታወቅም» ይላል።

«እሷስ የት አለች?» አልኩት።

«እዚያው ናት። ሴቶች ከሚለው ውስጥ።»

ሴቶች ከሚለው ውስጥ። ያን ምሽት ራት አብረን በላን። ጠዋት ባጃጅ መጥቶ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ ደውሎ «ልኬዋለሁ፣ አባ፤ ሄደ» አለኝ። ኔትወርኩ ስለተቆራረጠ ምን እንደመለስኩለት አልሰማም። ጥሩ ነገር አልነበረም፤ እንኳንም አልሰማ።

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ድንኳን ተጣለ፣ ቄሶቹ ፍትሐት አደረሱ፣ ሰው በላ። ጎረቤታችን ከሴቶቹ ጋር ከዳር ተቀምጣለች፣ ጣሳዋ ጉልበቷ ላይ። እኔ ያቺን መስመር በልቤ ይዤ ነው ያደርኩ። ወረቀት ባይኖርም አፍ አለኝ፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በጥናት ተረጋግጧል ካልኩ ማን ይጠይቀኛል? ማንም። እሱ ደግሞ አባቱን በሰው ፊት አያዋርድም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ተነሳሁ። ልጄ ትሪ ይዞ ከድንኳኑ መግቢያ ቆሟል። ምን ልል እንደተነሳሁ ገብቶታል። አልተቆጣም፣ አልከለከለኝም፤ ትሪውን ይዞ መሬት መሬቱን አየ። እናቱ መጠጫዬን ለዩብኝ ስትለኝ መሬቱን እንዲሁ ነበር ያየችው።

«ሰው ሁሉ በምን ሞተች ይላል» አልኩ። «ሐኪም ቲቢ አይደለም ብሏል። ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። እኔ ጭሱ ነው እላለሁ፤ ይኼ የእኔ ቃል ነው፣ የጥናት ቃል አይደለም። ልጇ ይጠና ብሎ ጠይቋል። መልሱ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።»

ሌላ አልጨመርኩም፤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጉርምርምታ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ይታወቅ፣ ይታወቅ» አሉ፤ ሌላ የሚባል ስላጡ ነው። አንዷ ሴት ደግሞ ለጎኗ ሴት «ልጁም አያውቀው ማለት ነው?» ስትል ሰማኋት። የራሴ ጆሮ ነው የሰማ። ጎረቤታችን በራሷ ጣሳ ጠጥታ፣ ነፍስ ይማር ብላ ወጣች። እውነት ተናግሬ ከሐሜቱ ላይ እንጨት ጨመርኩበት።

ልጄ ማታ ሲሰናበተኝ ጉልበቴን ሳመ።

በዚያው በጋ ዛፉ ታመመ። የዲከረንሱ ቅጠል ዝገት የመሰለ ነገር ያዘውና ይደርቅ ጀመር። ወዲያው መኪኖች መጡ። የተማሩ ሰዎች ጓንት አጥልቀው ቅጠሉን እየቆረጡ በላስቲክ ከረጢት ይከታሉ፣ ግንዱን ይለካሉ። ትሁቶች ናቸው፣ አባት እያሉ ነው የሚያናግሩኝ። አንደኛውን «የሰው ደረትስ ታያላችሁ?» አልኩት። «አይ አባት፣ እኛ የዛፍ ነን» አለኝ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ያጥኑት፤ ዛፉም ነገር ነው። ግን ከሄዱ በኋላ ከደጃፌ ብዙ ተቀመጥኩ።

መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ በስልክ አልነገረኝም፤ ራሱ መጣ። አልተቀመጠም፤ ስለዚህ ገና ሳይናገር አወቅኩ።

«ጥያቄው ጥሩ ነው ብለዋል። ግን በዚህ ዙር አልመረጡትም።»

«ያችን መስመር ሳትሰርዛት ብትተዋት ኖሮ ይመርጡት ነበር?»

ሊያጽናናኝ ብሎ አልዋሸኝም። «ምናልባት» አለ።

ከዚያ ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ። እንደገና ለሌሎች ሊጽፍ ነው። ያ ፕሮግራም አይደክመውም፣ ጻፍ ሲሉት ይጽፋል። የሚደክመው ልጄ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ምክንያቱን የሚያስረዳውን ክፍል ራሱ ሊጽፍ ይሞክራል። ሁለት መስመር ጽፎ ሲቆም አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ክምር ለኩሳ ነበር፤ ዛፉ ከመድረቁ በፊት ሰው ሁሉ እየተሽቀዳደመ ነው የሚያከስለው። አጥሩን ስጠግን ሳሏን ሰማሁ። ሄድኩ። አካፋዋን ተደግፋ ጎንበስ ብላለች፣ እንባዋ በጥላሸቱ መሀል ይወርዳል። የማውቀው ሳል ነው። ተመልሼ ውሃ ቀዳሁ። ከመደርደሪያው ላይ እጄ የገባው የባለቤቴ ጣሳ ነው፤ ጆሮው የተሰበረው። ጎረቤታችን በደንብ ታውቀዋለች።

ሰጠኋት። አየችው። ጠጣችው፣ እስከ ታች ድረስ።

ትንፋሿ ሲመለስላት «ያ ልጅህ የጠየቀው ነገር» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። «መልሱ መጣ?»

«መጣ።»

«ምን አሉ?»

«አልመረጡትም። እንደገና እየጻፈ ነው።»

ጣሳውን አልመለሰችልኝም። ከክምሩ አንድ ወገን አፈሩ ተሰንጥቆ ጭሱ ፈንድቶ ይወጣ ነበር። አካፋውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፣ እምቢ አለችኝ። እርጥብ አፈር ዛቀችና ተጠግታ ደፈነችው።